ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያልተቆፈረው ቦይ

መስከረም 22

ለወንድሜ ለኢንጂነሩ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? የሰው አገሩ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባባ ሰላምታቸው ይድረስህ። «ምርቃቴንም ጨምሪበት፣ ምርቃት እንደሆነ ቦታ አይፈጅም» ብለውኛል። የረገጥከው ይለምልም፣ ክፉ አይይህ፣ እጅህ የነካው ሁሉ ይቅናልህ ብለውሃል።

ካርድ ክፍል ያሉት ባልደረቦቼ «የአጎትሽ ልጅ ጻፈ?» ሲሉኝ አሁንም እቆጣለሁ። ከአምስት ዓመትህ ጀምሮ አባባ እጅ አድገህ፣ እኔን አዝለህ ትምህርት ቤት ያደረስከኝ አንተ፣ እንዴት «የአጎት ልጅ» ትባላለህ? ወንድሜ በሉት እላቸዋለሁ። አንዷ ደግሞ በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፋችን ያስቃታል። እውነቷን ነው፤ አንተ ለትልልቅ ድርጅቶች ኔትወርክ ትዘረጋለህ፣ አባባ እዚሁ ሆስፒታል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኬብል ሲቀብሩ ኖሩ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተጥጄ እውላለሁ፤ ሦስታችን የምንገናኘው ግን በፖስታ ነው። ምን ይደረግ፣ አባባ ስልክ ላይ ጆሯቸው አይይዝም። ደብዳቤህን ግን ጆሯቸው ሥር ቁጭ ብዬ ስጮኽላቸው እሳቸውም ጎረቤቱም እኩል ይሰማል።

አሁን ወደ ክፉው ወሬ ልግባ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የካርድ ክፍሉ ስክሪኖች ባንዴ ቀጥ አሉ። የታካሚ ስም ጽፌ እጠብቃለሁ፤ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። መጀመሪያ «ዛሬ ደግሞ ምን ነካት» ብለን ሳቅን። ከዚያ ላቦራቶሪው፣ ፋርማሲው፣ ራጅ ክፍሉ ሁሉ እየመጣ «እናንተም ጋ የለም?» ማለት ጀመረ። ለካ ለአዲሱ ሕንፃ መሠረት የሚቆፍረው ኤክስካቫተር ዋናው በር አጠገብ ኬብሉን በጥሶት ኖሯል። መረጃው ሁሉ የተቀመጠው ከግቢው ማዶ አስተዳደር ሕንፃ ባለው ሰርቨር ክፍል ነው አይደል? መሃል ያለው መንገድ ሲቆረጥ እኛ የሕክምናው ሕንፃ ሰዎች ደንቆሮ ሆንን። አምስት ሰዓት ሙሉ።

በዚያ መሃል አንዲት መምህርት ኦፕራሲዮን ክፍል ነበረች። ቀላል ነው የተባለ ኦፕራሲዮን ነው፤ ድንገት ደም ፈሰሳት። ለሷ የሚሆነው ደም ከዋዜማው ተለይቶ ተመዝግቧል፣ ግን መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ምርመራው እንደገና በእጅ ተሠራ። ወረቀቱን ይዤ አራት ፎቅ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ሃምሳ ደቂቃ ዘገየ አሉ። ስደርስ ነርሷ ወረቀቱን ተቀበለችኝ፣ አየችው፣ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ አንገቱ ላይ ሜትሩን እንዳንጠለጠለ ነበር የመጣው።

አባባ ወሬውን ሰምተው በትራቸውን ይዘው መጡ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሙ፤ የተቆረጠውን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱ። አንዱ ሠራተኛ «ባለገመዱ መጡ!» ብሎ ሰላም ሲላቸው አልመለሱለትም። ቤት ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ እስኪመሽ ተቀመጡ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። የኬብል ዝርጋታውን የመጀመሪያ ፕላን ይፈልጋሉ፤ እዚህ ያለው ግማሹ ጠፍቷል። ያኔ ዝርጋታውን የመራኸው አንተ ስለሆንክ ቅጂ ካለህ ቶሎ ላክልኝ።

እህትህ

ጥቅምት 27

ለምወድሽ እህቴ ለእሜትዬ፣ ለአባባም፤

ለከበረ ጤንነታችሁ እንደምን አላችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። መልሱ በመዘግየቱ ይቅርታ፤ አንድ ትልቅ አየር ማረፊያ ኔትወርኩን በሙሉ ሊቀይር ነው፣ ንድፉን የማወጣው እኔ ነኝ። ስድስት ሺህ መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚነጋገርበት ነው። አባባ ይኼን ቢያዩ «ይኼን ሁሉ ማን ይቆፍረዋል!» ይሉ ነበር።

የመምህርቷ ነገር ልቤን ሰበረው። እግዚአብሔር ለባሏ መጽናናቱን ይስጠው። አንቺም ባታስቢው ይሻላል፤ ሮጠሻል፣ ከዚያ በላይ ምን ታደርጊያለሽ?

ፕላኑን በተመለከተ፣ ሰነዱ የኮንትራክተሩ ነው እንጂ የእኔ አይደለም፤ ስወጣ ሁሉንም አስረክቤያለሁ። ኮንትራክተሩም እንደሰማሁት ፈርሷል። ለኮሚቴው የምመክረው ወደፊት ማየት ነው። ትልቅ ድርጅት በአንድ መንገድ አይተማመንም፤ አንዱ ቢቆረጥ ሥራው በሌላው የሚሄድበት ሁለተኛ መስመር፣ ያውም በሌላ አቅጣጫ፣ ያስፈልጋል። ይኼ የሥራችን ሀሁ ነው። ጥፋቱ ደግሞ ግልጽ ነው፣ ሳይጠይቅ የቆፈረው የኤክስካቫተሩ ሹፌር ነው።

አባባ ስለዚህ ነገር ምን አሉ? ጻፊልኝ። ለእሳቸው ወፍራም ሹራብና ካልሲ በሰው ልኬያለሁ።

ወንድምሽ

ኅዳር 9

ለወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ሹራቡ ደርሷል። አባባ ለብሰውት መስተዋት ፊት ቆሙና «ፈረንጅ አስመሰለኝ» ብለው ሳቁ። ካየሁት ቆይቶ ነበር ሳቃቸውን። እጁ ይባረክ ብለውሃል።

ይኼ ሁለተኛው ወረቀት ግን ለአንተ ብቻ ነው፤ አላነበብኩላቸውም።

ኮሚቴው የርክክቡን ሰነድ ከአሮጌ ሳጥን ውስጥ አገኘው። አንተ እንደጻፍከው ነው፣ ሁለት መስመር ይላል። አንዱ በዋናው በር፣ ሁለተኛው ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ዞሮ። ከማጠቢያው ጀርባ ቢቆፍሩ ግን ምንም የለም። ሁለቱም ኬብሎች በር በኩል አንድ ቦይ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ተኝተው ነው የተገኙት። ኤክስካቫተሩ ባንድ ንክሻ ሁለቱንም ወሰዳቸው።

ሰነዱ ላይ ሁለት ፊርማ አለ። «የዘረጋው» በሚለው ሥር የአባባ። «አይቶ ያረጋገጠው» በሚለው ሥር ያንተ።

አባባን ጠሯቸው። አብሬያቸው ገባሁ። ሰብሳቢው በጆሯቸው ጮኾ «ሁለተኛውን ቦይ ለምን አልቆፈሩም?» አላቸው። «ኬብሉን የቀበርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ማን አዘዘዎት?» ቢላቸው «የቀበርኩት እኔ ነኝ» ብቻ። ሦስቴ ጠየቃቸው፣ ሦስቴም ያቺኑ መለሱ። ኮሚቴው ሽማግሌው ሥራ ጠልተው ወጣቱን ኢንጂነር አታለሉት ብሎ ጽፏል። የጡረተኛ የሕክምና ካርዳቸውን አግደውባቸዋል። ለልባቸው በየወሩ የሚከታተላቸው ሐኪም አሁን በዚያ ካርድ አያያቸውም። ግቢው ውስጥ ስሄድ «የባለገመዱ ልጅ» የሚሉኝ በፍቅር ነበር፤ አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅህ። ከማጠቢያው ጀርባ ያለውን ቦይ በዓይንህ አይተኸዋል? አይቻለሁ ወይም አላየሁም ብለህ ጻፍልኝ። አንድ መስመር ትበቃኛለች።

እህትህ

ታኅሣሥ 30

ለምወዳችሁ ለአባባና ለእህቴ፤

የሰማይ ጌታ ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይኼን ያህል በመዘግየቴ አፍራለሁ። ሥራው ራስ አዙሮኛል። ደግሞ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል።

አባባ፣ ትዝ ይልዎታል? የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ከቁራጭ የስልክ ሽቦ ጋሪ ሠርተውልኝ ነበር። ቀዩ ከቀይ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊ ይታሰር ብለው ሽቦ ማሰር ያስተማሩኝ ያኔ ነው። እዚህ አብረውኝ የሚሠሩት ትልልቅ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው፤ እኔ ግን መጀመሪያ የተማርኩት ከእርስዎ ጉልበት ሥር ቁጭ ብዬ ነው እላቸዋለሁ።

እሜቴ፣ ለጠየቅሽኝ ነገር ለሆስፒታሉ ዳይሬክተር ደብዳቤ ጽፌ አብሬ ልኬያለሁ። አባባ ጨዋ፣ ሐቀኛና ታታሪ ሠራተኛ መሆናቸውን መስክሬያለሁ። የድርጅታችን ማህተም ስላለበት ክብደት ይኖረዋል። የቀረውን ዝርዝር ግን ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ማን ያስታውሰዋል? በዚያን ጊዜ ስንት ቦይ ነበር የተቆፈረው።

ሕክምናቸውን በግል ክሊኒክ ይቀጥሉ፣ እኔ እችለዋለሁ።

ወንድማችሁ

ጥር 14

ኢንጂነር፤

ሰላምታ ይቅርብኝ ዛሬ።

ደብዳቤህን እንደ ልማዴ ጆሯቸው ሥር ሆኜ አነበብኩላቸው። የሽቦ ጋሪው ጋ ስደርስ ፈገግ አሉ። ጨርሼ «አባባ፣ የጠየቅኩትን አልመለሰልኝም» ስላቸው እጄን ያዙና «ልጁን አታድክሚው» አሉኝ። አጥፍቷል አላሉም፣ አላጠፋም አላሉም። «አታድክሚው።»

በማግስቱ ልብስ ማጠቢያው ጋ ሄድኩ። አሮጊቷን አጣቢ ታስታውሳታለህ፣ አንሶላ ስታሰጣ የምታንጎራጉረዋን። ሳልጨርስላት ነው የነገረችኝ። «ቁፋሮውማ ተጀምሮ ነበር እኮ ልጄ! ሁለት ቀን ቆፈሩና ቋጥኝ ገጠማቸው። ያ ነጭ ጫማ የሚያደርገው ልጅ፣ ወንድምሽ፣ መጣና አስቆማቸው። አባትሽ እምቢ አሉት። ዶማውን መሬት ላይ ወርውረው እዚህ ደረጃዬ ላይ ተቀመጡ። ልጁም መጥቶ አጠገባቸው ተንበረከከ። የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ብቻ ኋላ አባትሽ ተነሥተው አፈሩን ራሳቸው መለሱት። ሠራተኞቹን እንኳ አላስነኩም።»

ቤት ተመልሼ የሰማሁትን ነገርኳቸው። «ለምን አይናገሩም? ካርድዎን ነጠቁዎት፣ ስምዎን አጠፉት!» ብዬ ጮህኩ፤ ይኼኔ ጆሯቸው ስለከበደ አልነበረም የጮህኩት። ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? «እኔ ሽማግሌ ነኝ። ከእኔ ምን ይወስዳሉ? እሱ ገና ነው።»

ገና ነህ። ሠላሳ ሰባት ዓመትህ ነው። መምህርቷ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ባሏ በየሳምንቱ ሐሙስ እየመጣ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ይቆማል። «ከማሽኑና ከሽማግሌው የቱ ነው የገደላት?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ቀና ብዬ አላየውም።

የማህተሙን ደብዳቤ ለዳይሬክተሩ አልሰጠሁትም። ግል ክሊኒክም አልሄዱም፤ «የልጁን አልነካም» ብለው። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

የካቲት 6

እህቴ፤

ዛሬ የምጽፈውን ለአባባ ማንበብ አለማንበብ ያንቺ ፈንታ ነው።

አጣቢዋ ያለችሽ ሁሉ እውነት ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ኔትወርኩ የሚመረቅበት ቀን ተቆርጦ የጥሪ ወረቀት ተበትኗል፤ የቀረን ዐሥራ ሁለት ቀን ነው። ከማጠቢያው ጀርባ ግድግዳ የሚያህል ቋጥኝ ወጣ። መስበሪያ ማሽን ጠየቅኩ፣ ኮንትራክተሩ «በወር ውስጥ ይመጣል» አለኝ። እዚህ ያለው መሥሪያ ቤት ደግሞ ሊቀጥረኝ ተስማምቶ የሚጠብቀው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፦ ትልቅ ኔትወርክ ሠርቶ በጊዜው አስረክቧል የሚል። ምረቃው ካለፈ ዕድሉም አለፈ።

አባባ እምቢ አሉኝ። «ሁለት መንገድ ያልከኝ አንተ ነህ። ሁለቱን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ካስተኛኋቸው ምኑን ሁለት ሆኑ?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ተንበርክኬ «ለጊዜው ነው አባባ፣ ማሽኑ ሲመጣ ራሴ አስቆፍረዋለሁ። ዕድሌን አይዝጉብኝ» አልኳቸው። «ታስቆፍረዋለህ?» አሉኝ። «አስቆፍረዋለሁ» አልኩ። ከዚያ ተነሡ። ሰነዱን ይዤላቸው ስሄድ ሳያነቡ ነው የፈረሙት፤ እኔ ስለሰጠኋቸው።

ከሦስት ወር በኋላ ወደዚህ አገር መጣሁ። ማሽኑ መምጣቱን አልጠየቅኩም። የመጀመሪያው ዓመት ያሳስበኝ ነበር። ኋላ ኔትወርኩ ምንም ሳይሆን ሲሠራ አየሁና ረሳሁት። አይ፣ አልረሳሁትም። ስለዚያ ቦታ ማሰብ ተውኩ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሰው ሰብስቤ «ሁለተኛ መንገድ» እያልኩ ሳስተምር እንኳ አፌ አይደናቀፍም ነበር። የመስከረሙ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ግን ገና «ዋናው በር» የሚለውን ሳነብ አውቄዋለሁ። ፕላኑም እጄ ላይ ነበር።

ለኮሚቴው የፈረምኩበትን ቃል ከፕላኑ ጋር ልኬያለሁ። ትዕዛዙን የሰጠሁት እኔ፣ ያላየሁትን አየሁ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አንድ ቅጂ ለመሥሪያ ቤቴ ሰጥቻለሁ።

ለልብስ ሰፊው ማሽኑም አይደለም፣ ሽማግሌውም አይደሉም በይው።

መጋቢት 4

ለወንድሜ፤

ቃልህ ደርሶ ለኮሚቴው ሰጥቼዋለሁ። አነበቡት፤ ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ዓይኑን አሸ። የአባባ ካርድ ተመልሷል። ይቅርታ የሚል ደብዳቤም ጽፈውላቸዋል፣ በሁለት መስመር።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ያንተን ቃል ሳነብላቸው «ማን ጠየቀው?» አሉኝ። «እኔ» አልኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሦስት ቀን አላናገሩኝም። ምግብ ሳቀርብ ይበላሉ፣ ውሃ ስሰጣቸው ይጠጣሉ፣ ቃል ግን የለም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሹራቡን ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ልብስ ሰፊው ጋ ውሰጂኝ» አሉ።

ሱቁ ጠባብ ናት። ባለጉዳይ የሚቀመጥባት አንዲት በርጩማ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ያላለቀ ኮት፣ መስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪና። ልብስ ሰፊው አወቀኝ፣ እሳቸውን ግን አላወቃቸውም። «ምን ልስፋልዎት አባቴ?» አላቸው። አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ።

«ቦዩን የደፈንኩት እኔ ነኝ» አሉት።

መኪናው ቆመ። ሰውየው ክሩን በጥርሱ በጥሶ «ያዘዘዎት ሌላ ሰው ነው አሉ» አለ፤ ጆሯቸው ሥር ሆኜ ደገምኩላቸው።

«አዎ። ግን ያዘዘኝ ልጅ ነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። እያወቅኩ ነው የደፈንኩት። እሱ ቢለምነኝ እኔ እምቢ ማለት ነበረብኝ።»

«ሁለተኛው መስመር ቢኖር ትተርፍ ነበር?»

ይኼንንም ደገምኩላቸው። አባባ አልሸሹም። «እንጃ ልጄ። ሐኪሞቹም አናውቅም ይላሉ። ደሙ ግን በሰዓቱ ይደርስላት ነበር።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ተነሥቶ በርጩማዋን ወደ አባባ ገፋ አደረገላቸው፣ ተቀመጡ። እሱ ቆሞ ቀረ። ስለሷ ማውራት ጀመረ፤ የተማሪዎቿን ደብተር እዚያው መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ታርም እንደነበር፣ ቀዩን እስክሪብቶ ጨርቅ ላይ እየጣለች ስንቴ እንዳጣላቸው። አባባ ምን ያህሉን እንደሰሙት አላውቅም፤ ዓይናቸውን ግን ከፊቱ አልነቀሉም። በመጨረሻ «አመሰግናለሁ። ግን ሁለተኛ አይምጡ» አላቸው። በክፋት አይደለም ያለው። አባባ «እሺ» ብለው ወጡ።

መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ሐኪሙ ልባቸው ደክሟል፣ እነዚያ የታገዱበት ወራት ጎድተዋቸዋል ይላል። አስተኝተዋቸዋል። የምጽፍልህ ከአልጋቸው አጠገብ ሆኜ ነው።

እህትህ

መጋቢት 26

ለአባባና ለእህቴ፤

አባባ ይኼ ደብዳቤ ሲደርስዎት ተሽሎዎት ከአልጋ ተነሥተው እንዲያገኝዎት እለምናለሁ።

እዚህ ከሥራ ተሰናብቻለሁ። ትክክል ናቸው። ከመሄዴ በፊት ግን እኔ የፈረምኩባቸው ሕንፃዎች ሁሉ እንደገና እንዲፈተሹ ጠየቅኩ፤ እኔም በእግሬ አብሬ እንድዞር ፈቀዱልኝ። ሁለት ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ባንክ፣ ሦስት ሆስፒታል። ምድር ቤት እየወረድን፣ ክዳን እየከፈትን፣ እያንዳንዱ ኬብል በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በእጃችን እየነካን ሄድን። ሁሉም እንደ ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ የዋሸው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እርስዎ ያሳደጉኝ ቦታ።

እሜቴ፣ መምጣት እፈልጋለሁ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል ብለዋል፣ ይሂድ። የምፈራው ፍርድ ቤቱን አይደለም። አባባ ልይህ ይላሉ? ጠይቂልኝ። አልፈልግም ካሉም ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ሚያዝያ 11

ወንድሜ፤

ደብዳቤህን ሳልከፍተው አራት ቀን ይዤው ዞርኩ። ለአባባ የተጻፈ ስለሆነ። አባባ መጋቢት 21 ቀን ጠዋት ዐርፈዋል፤ አንተ ከመጻፍህ አምስት ቀን በፊት። ስልክ ልደውልልህ ስንቴ አንሥቼ መለስኩት። ከአፌ አልወጣ አለኝ። ይቅር በለኝ፣ ብቻህን እንድታነበው አድርጌሃለሁ።

አልተሰቃዩም። ሲነጋ ትራሴን ከፍ አድርጊልኝ አሉ፤ አደረግኩላቸው። ነርሷ የደም ግፊታቸውን ለክታ ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ ስታስገባ ዓይናቸው ይከተላት ነበር። ከዚያ ጨርሳ ስትዞር እንደማየት ብለው ቀሩ።

አሁን የምታስበውን አውቃለሁ። ይቅር ብለውኛል ወይ ብለህ ነው። «ይቅር ብለውሃል» ብዬ ብጽፍልህ ለአንተም ለእኔም በቀለለን። ግን በዚህ ቤት ያልሆነ ነገር እየተጻፈ ሰው ሞቷል። አላሉም። አልረገሙህምም። ስለአንተ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁኝ፣ «ያ ልጅ ይበላል?» ብለው። ይበላል አልኳቸው።

ቀብራቸው ላይ ግማሹ ሆስፒታል ነበር። ልብስ ሰፊውም መጥቶ ራቅ ብሎ ቆሞ አየሁት። ሳላናግረው ሄደ።

እኔም በአንተ ላይ ምን እንደሚሰማኝ ገና አላውቅም። አንድ ቀን ይዤ የሮጥኩትን ወረቀት አስብና እጠላሃለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ማዶ ያለው ክፍልህ በር ሲጢጥ ሲል አንተ የመጣህ ይመስለኝና ብድግ እላለሁ። ይኼን ደብዳቤ ስጀምር «ወንድሜ» የሚለውን መጻፍ ከብዶኝ ባዶውን ወረቀት እያየሁ ግማሽ ቀን አሳለፍኩ። ግን ይህን ቃል ጽፌ የምልክለት ሌላ ሰው የለኝም።

ጠይቂልኝ ያልከውን የምጠይቃቸው አጣሁ። ስለዚህ እኔ እመልስልሃለሁ። ና።